ከእንባ ያልበለጠ ጨው

የመጨረሻ ልጄን ተቅማጥ ይዟት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስኳርና ጨው በጠበጥኩላት። ከመስጠቴ በፊት ቀመስኩት። ወዲያው የኮምቦልቻው መጠለያ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ በረሃቡ ዓመት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ተፈናቅለው ለሚመጡ ሕፃናት ይህንኑ ውሃ ይበጠብጡ ነበር። ወሩ ረመዳን ስለነበር መቅመስ አይችሉም። እኔ የጴንጤዎቹ ልጅ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴን አስፈቅደው ይዘውኝ ይሄዳሉ።

«ምላሴ አንቺ ነሽ። ከእንባ ከበለጠ ጨው በዝቷልና ንገሪኝ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ከቢስቲማ በኩል የመጣች እናት ልጇን ሰይድን በነጠላዋ ሸፈነችብን። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ማልቀስ እንኳ አቅቶታል።

«ተቅማጥ ይዞት ውሃ? ልትገድሉብኝ ነው?» አለች።

እትዬ ዘይነባ ለመኗት፣ ተቆጧት፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ ኩባያውን ከእጄ ወስደው «ቢስሚላህ» አሉና እያየቻቸው ጠጡት።

«ጾመኛ አይደሉም እንዴ!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ወሬኛ! ጾሙን ሌላ ቀን እከፍላለሁ። ልጁን ግን ሌላ ቀን አላገኘውም።» ወደ እናቱ ዞረው «አብሽሪ ልጄ» አሏት።

ነጠላዋን ገለጠች። ሰይድ በማንኪያ፣ ቀስ እያለ ጠጣ።

በሳምንቱ መኪና ወደ ሌላ መጠለያ ወሰዳቸው። መጨረሻውን አላወቅሁም። በሕይወት ካለ ዛሬ የልጆች አባት ይሆናል።

ልጄ ኩባያዋን ጨርሳ ተኛች። ጌታን አመሰገንኩ፤ የሰይድንም ስም ጠራሁለት።