በስሜ የሚከፈት ደብተር

ከኮልፌ የወጣሁበትን ማታ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። ለቅሶው አይደለም፤ ለቅሶ ያለ ነው። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ አልቅሳለች። አባቴ «ደምሴና ልጁ ብየዳ» የሚል ታፔላ የሰቀለበትን ቤቱን ዘግቶ፣ የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ እስከ ፌርማታው ሸኝቶኛል። ልጁ እኔ ነኝ፤ ሌላ የለውም። የሚያንገሸግሸኝ ደላላው ነው። ቦሌ በር ላይ ፓስፖርቴን ሰጠኝና «በይ እንግዲህ ስምሽን አጥኚ» አለኝ። ገለጥኩት። ፎቶው የኔ ነው። ስሙ ግን «ዘይነብ ሁሴን አሊ» ይላል።

«እኔ እኮ ትዕግስት ደምሴ ነኝ» አልኩት።

«አሠሪዎቹ እስላም ነው የጠየቁት። ሁለት ዓመት ሠርተሽ ትመለሻለሽ፤ ስም ምን ያደርግልሻል?»

ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ለቅሶው ተለቅሷል፤ በየት በኩል ልመለስ? ገባሁ። ለእናቴም ለአባቴም ትንፍሽ አላልኩም። ሁለቱ ዓመት ዘጠኝ ሆነ።

ስለ ኩዌት ምን ልንገራችሁ? ሙቀቱን ስቀምስ፣ በክረምት ጫማዬን ይነጥቀኝ የነበረውን የኮልፌን ጭቃ የረገምኩትን እርግማን ሁሉ መልሼ ወስጃለሁ። ኹብዝ የሚሉት ቂጣቸው ተነፍቶ ሲወጣ ያምራል፣ ሲበሉት አየር ነው። የሰፈራችንን ፓስቲ ባገኝ ከነወረቀቱ እበላው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አሠሪዬ ማዳም «ዘይነብ!» ብላ ስትጣራ ዞር አልልም። ማንን እንደምትጠራ በምን አውቄ! ደንቆሮ መስያት ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ አየና «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር የለባትም ማለቱ ነው። ስወጣ ማዳም የታክሲውን ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ አለችኝ።

አባቴ የሞተው በስድስተኛው ዓመቴ ነው። ማዳም አልለቅሽም አለች፤ አልቀበርኩትም። ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ ጥሪቴን ይዤ ገብቼ፣ ኮልፌ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍቼ፣ ማዳም የሚባል ፍጡር ዳግመኛ ላለማየት። ግን ጥሪት በማን ስም ይቀመጥ? ጓደኛዬ አስቴር የለፋችበትን ሁሉ በወንድሟ ስም ላከች። እሱ ሚኒባስ ገዛ፣ በራሱ ስም። አገሯ ስትገባ በራሷ ላብ በተገዛ ታክሲ ሂሳብ ከፍላ ተሳፈረች። ረዳቱም መልስ የለኝም ብሎ አስቀረባት። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ለኔም ቢሆን አትላኪ። በስምሽ አስቀምጪ፣ በስምሽ!» አለችኝ።

አንድ ዓርብ፣ ዓርብ የእረፍት ቀናችን ናት፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የባንክ ሰዎች አዳራሽ ተከራይተው የውጭ ምንዛሪ ደብተር ይከፍታሉ ተባለ። ሄድኩ። ፊኛ ተሰቅሏል፣ ሙዚቃ ይጮሃል፣ አንዱ ማይክ ይዞ «ውድ የዲያስፖራ ቤተሰቦቻችን!» ይላል። ዘጠኝ ዓመት የሰው ባኞ ሳጥብ ውድ ያለኝ የለም፤ ዶላር ሲፈለግ ውድ ሆንኩ። ወረፋዬ ደረሰና አንድ ከረባታም ወጣት ፊት ተቀመጥኩ። ከፊቴ የነበረውን መሐንዲስ «እርስዎ» ሲል የነበረ አፍ እኔ ዘንድ ሲደርስ «አንቺ» ሆነ።

«ፓስፖርትና ኢቃማ አምጪ» አለኝ። ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀታችን ነው። ሰጠሁት።

«ዘይነብ ሁሴን። የእናት ስም?»

«በላይነሽ ወልደሰንበት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አባት ሁሴን፣ እናት የወልደሰንበት ልጅ?»

«አባቴ ደምሴ ነው። ሁሴንን ያመጣው ደላላው ነው።»

«ፎርሙ ላይ ደላላ የሚል ቦታ የለም።»

«በእውነተኛ ስሜ ክፈቱልኛ!»

«በእውነተኛ ስምሽ ፓስፖርት አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እውነተኛ አይደለማ።»

እንዲህ ብሎኝ ማስቲካውን ያላምጣል! ስሜ ትዕግስት ነው እንጂ ትዕግስቱ የለኝም፤ ከረባቱን ይዤ ልጎትተው ትንሽ ቀረኝ። «አባት ሁሴን አሊ» በሚለው ሥር ፈርሚ አለኝና ፈረምኩ። እስክሪብቶውንም አመስግኜ መለስኩለት። የደላላውን ተዉት፣ የከረባታሙንም ተዉት፤ ያን ቀን የቀፈፈኝ የራሴው ነገር ነው።

አዲስ አበባ ደውለው ማንነቴን የሚያረጋግጡበት ስልክ ሲጠይቀኝ የእናቴን ሰጠሁ፤ ሌላ ማን አለኝ? ያኔውኑ ደውዬ ልነግራት ይገባ ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። ከረባታሙ ቀድሞኝ ደወለ።

«እናትሽ እንደዚህ የምትባል ሴት አላውቅም ብለዋል። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት አንዴ ይደወልላቸዋል፤ ካላወቁሽ ፎርሙ ይሰረዛል» ብሎ ዘጋው።

ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ። ገና ሄሎ ስል ወሬውን ጀመረችልኝ።

«ስሚማ ትጊዬ፣ ዘንድሮ የስልክ ሌባው! አንዷ ደውላ የዘይነብ ሁሴን እናት ነዎት ወይ አትለኝም? ወግጂ፣ እኔ ያለችኝ አንድ ልጅ፣ እሷም ትዕግስት ደምሴ ናት ብዬ ዘጋሁባት። ደግ አላደረግኩም?»

«እማዬ፣ ዘይነብ እኔ ነኝ።»

ከደላላው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ቁጣዋን ስጠብቅ፣ የንስሐ አባቷን ትጠራብኛለች ስል፣

«ዘይነብስ መልካም ስም ነው» አለችኝ። «አጥር የምንጋራት እትዬ ዘይነባ አይደለች ስወልድሽ ያረሰችኝ? እሱስ ይሁን። ሁሴን ማነው?»

«ማንም አይደለም እማዬ። ዝም ብሎ የጻፈው ነው።»

«ዝም ብሎ የሰው አባት ይጻፋል?»

«ተጽፏል እኮ፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።»

«ነገ ስትደውል እሺ ዘይነብ ልጄ ናት እላታለሁ» አለች።

«የአባቷ ስም ማነው ብላ ብትጠይቅሽስ?»

«ደምሴ ነዋ!»

«እማዬ፣ እንደሱ ካልሽ ደብተሩ አይከፈትም። የመምጫዬ ነገር እኮ ነው።»

«እንድትመጪልኝማ እኔም በየቀኑ ነው የምለምነው። ግን ልጄ፣ የብየዳ ቤቱን የተከራየው ሰውዬ ታፔላውን ላውርደው ሲለኝ እንኳ እምቢ ብዬዋለሁ። ለባንክ ብዬ ባሌን ልካድልሽ?»

ካጂልኝ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም።

«እሺ እማዬ፣ የሚሉሽን ስሚና እንደመሰለሽ መልሺ» አልኳት።

«በስንት ሰዓት ነው የምትደውለው?»

«በሦስት ሰዓት።»

«በይ ስልኩን ቻርጅ ላድርገው» አለችኝ።