በነጠላ የሸፈንኩት ጠርሙስ

ልጄ መወፈር ስትጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤት «ሸጋ ሆነች» ሲለኝ፣ ዓይን እንዳይበላት እንትፍ እንትፍ እልባት ነበር። በኋላ ግን ፊቷ ተነፋ፤ ሆዷ ሲገፋ እጅና እግሯ መነመነ፤ ከተቀመጠችበት መነሣት አቃታት። ሆዷ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሸንተረር ወጣ። ሰፈሩ «አርግዛለች» አለ። እኔ ልጄን አምናታለሁ፤ እሷ ግን አፍራ ከቤት መውጣት ተወች።

ሰው እንዳያያት በጓሮ በኩል ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ሸንተረሩን አይቶ፣ የአንድ ቀን ሽንቷን ጠብታ ሳይቀር አጠራቅሜ እንዳመጣ አዘዘኝ። እንዳይደፋብኝ ፈርቼ ጠርሙሱን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ በሁለት እጄ አቅፌ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ሲያዩኝ ጫማቸውን አወለቁ።

«ከየትኛው ጠበል ነው፣ ልጄ? እስቲ ጉልበቴን እርጪኝ።»

«ይቅርብዎ፣ እማማ።»

«ምነው? ጠበል ይነፈጋል እንዴ?»

«የልጄ ሽንት ነው! ለሐኪሙ የምወስደው ነው!»

«ታዲያ ምነው እንደ ታቦት አከበርሽው!» ብለው እየሳቁ ጫማቸውን አጠለቁ።

ሽንቱ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ መጣ። «እርግዝና አይደለም» አለን ሐኪሙ። «ከኩላሊቷ በላይ ያለች ትንሽ እጢ ላይ እባጭ ሳይኖር አይቀርም። ለሰውነት የሚያስፈልገውን ነገር ከልክ በላይ እያመነጨ የሚያሳብጣት እሱ ነው። አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ሕክምና ይወጣላታል።»

እኔ ቀዶ ሕክምና ሲል «ሌላ መድኃኒት የለውም?» ብዬ ለመንኩት። እሷ ግን ከሐኪም ቤት ስንወጣ ክንዴን ያዘችና፣ «እማ፣ ዛሬ በጓሮ አንሄድም፤ በገበያው መሀል ነው» አለችኝ።

ቀስ እያልን በገበያው መሀል አለፍን።