ስሙን የማልጠራው ውሻ በቦዮ ሐይቅ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ

የሚኒባሱ ሹፌር መጀመሪያ ውሻውን፣ ቀጥሎ በግራና በቀኝ ጎኑ የታሰሩትን ሁለት ባዶ የዘይት ጀሪካኖች፣ በመጨረሻ እኔን አየ።

«ማዘር፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ተሳፋሪ።»

«ዘይት ሊቀዳ ነው?»

«ሐይቅ ሊሻገር ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ነገር ነው፤ በሆዱ ሥር የሚያልፍ ሰፊ ጨርቅ አለው፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ጨብጠው የሚያነሱት እጀታ። አንገቱ ላይ ምንም አላሰርሁም። ምክንያት አለኝ።

የምሄደው ለባሌ ሙት ዓመት፣ ከቦዮ ሐይቅ ማዶ ወዳለው የአባቱ ቤት ነው። እህቱ አማረች «የወንድሜ ውሻም ይምጣ» ብላ ላከችብኝ። የቀድሞ ውሻዬን በዚሁ ሐይቅ ያሻገረችው እሷ ነበረች። አንገቱን ከጀልባው ጋር አሰረችው፤ ዳክዬ አይቶ ሲዘል ገመዱ አጠረው። «ውሻ ዋና ያውቃል ብዬ እኮ ነው» አለች። ያውቅ ነበር። የታነቀ አይዋኝም።

ለካሳ ነጭ ቡችላ አመጣች፤ ስሙንም ራሷ አወጣች፦ ቡላ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ እንደዚያ ስም የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። የአማቴ ስም በ«ቡ» ይጀምራል። ቡናን «ጥቁሩ» እያልሁ አርጅቻለሁ። መጻፍ ግን ይቻላል፤ ደንቡን ያወጡት ሽማግሌዎች ስለ ጋዜጣ ያሉት ነገር የለም። አማረች ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ስሙን ቡላ ያለችው። እኔ «አንተ» እያልሁ አሳደግሁት። «አንተ» ሲባል አይዞርም፤ የሚዞረው ባሌ በስሙ ሲጠራው ነበር።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቦኖሻ

በርበሬ በመንገዱ ዳር ሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ ባጃጆቹ ዙሪያውን ይሽከረከራሉ። ቁርስ ቤት ገብቼ «ጥቁሩን አምጪልኝ» አልሁ። አስተናጋጇ ለስላሳ አመጣችልኝ። ጠጣሁት።

6 ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

አማረች ጃንጥላ ይዛ ቆማለች።

«ውሻውን ምን አደረግሽው? የዘይት ነጋዴ መሰለ እኮ!»

«እንደ ፊተኛው እንዳይሆን ነው።»

ቀዛፊው ከድር ይባላል። «እናቴ፣ ውሻው መሃል ይቀመጥ፣ ከጀልባው ጋር አይታሰር፤ እጀታውን እንዳትለቂ» አለኝ። ሰው ቶሎ አልወድም፤ እሱን ወደድሁት።

ግማሽ መንገድ ሄደን ሳለ አማረች «ያኔም ጥፋቱ የውሻው ነበር» አለች። ጣቴን ልቀስርባት እጀታውን ለቀቅሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጽፌዋለሁ። ዳክዬዎች ተነሡ፤ ውሻው ዘለለ። ጀሪካኖቹ አላሳፈሩኝም፤ እንደ ቡሽ ተንሳፍፎ፣ ደስ እያለው ወደ ሸምበቆው ቀዘፈ።

«እዚያ ጉማሬ አለ!» ከድር ጮኸ። «ጥሩት! ስሙ ማነው?»

ወደ አማረች ዞርሁ። አማረች ሰማይ ሰማይ ታያለች። እሷን የሚከለክላት ደንብ የለም፤ አባቷ ነው።

«ጃክ!» አለ ከድር። «ነብሮ! ቡቺ!» በመጨረሻው ስም ውሻው ጆሮውን አቆመ፣ ግን መንገዱን ቀጠለ።

«አማረች፣ እባክሽ ጥሪው» አልኋት። ለመንኋት ማለት ነው።

«ያንቺ ውሻ አይደለም እንዴ?»

ሸምበቆው አጠገብ ውሃው ሲያብጥ አየሁ።

«ቡላ! ና፣ ቡላ!» ብዬ ጮኽሁ።

ውሻው እዚያው ዞረ። ወደ ጀልባው ሲደርስ ከድር በእጀታው ብድግ አድርጎ አስገባው። ቡላም ተራገፈ፤ ውሃው ያረፈው በአብዛኛው አማረች ላይ ነው።

«አባቴን ጠራሽ!» አለች፣ ፊቷን እየጠረገች።

እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ የአማቴ ግቢ

እንግዳው በልቶ ሳይነሣ አማረች ከሰሰችኝ። የአማቴ ታናሽ ወንድም ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸውን ደገፍ አድርገው ሰሙ።

«ውሻውን ቡላ ያለው ማነው?»

አማረች ጃንጥላዋን ማጠፍ ጀመረች። የታጠፈ ነበር።

«ምራታችን ቤት ለሚያድግ ውሻ፣ በወንድሜ ስም መነሻ? ይቅርታ ጠይቂያት።»

ጠየቀችኝ። «አልሰማሁም» አልሁ። ደገመችው። ጆሮዬ ደህና ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ልጄ፣ ነፍስ ልታድኚ ውሃ ላይ የጠራሽው አይቆጠርም። መሬት ላይ ግን ደንቡ እንደ ቀድሞው ነው።»

«እሺ አባባ» አልሁ።

ሰኞ፣ 9 ሰዓት፣ ሆሳዕና፣ ቤቴ

በሩን ዘጋሁ። ትልቁን ሳፋ አውጥቼ ውሃ ሞላሁበት፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ያ ስም ተጠርቶ አያውቅም።

«ቡላ!» አልሁ። «ና፣ ቡላ!»

ከጓሮ እየሮጠ መጣ፤ ከሳፋው አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሳፋውን አይቷላ፤ ላጥበው መስሎታል።