ሦስተኛው የድኩላ ድምፅ

ልጅ ሳለሁ፣ ከመርሳ በላይ ተዳፋቱ ላይ በነበረው ቤታችን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አያ ይመር ይመጡ ነበር። አያ ይመር የእናቴ አጎት ናቸው፤ ቤታቸውን ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። ያኔ ጋዝ እንደ ልብ ስለማይገኝ ኩራዙ የሚበራው እራት እስክንበላ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያበራልን የማሽላ አገዳ እሳት ነው። አገዳ ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎም ይከስማል። ስለዚህ ወሬው መሃል ላይ ሲደርስ አንዳችን ተነስተን መጨመር ነበረብን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እሳቱ እስኪያያዝም የአያ ይመር ፊት ጠፍቶ ድምፃቸው ብቻ ይቀር ነበር።

አያ ይመር አዳኝ ነበሩ። የገበሬ ማኅበሩ መሣሪያ ሲሰበስብ ውጅግራቸውን አስረክበዋል። «ጠመንጃውን ወሰዱት፤ ጆሮዬን ግን አልጠየቁኝም» ይሉና ይስቁ ነበር።

እውነትም ጆሮ ነበራቸው። ድኩላ ሦስት ድምፅ አለው ይሉናል። የመጀመሪያው ጉሮሮው እንደ ደረቀ ውሻ የሚጮኸው ነው። «አየሁህ ማለቱ ነው። ያን ከሰማህ ወደ ቤትህ ግባ፣ የዛን ቀን እንጀራህ የለም።» ሁለተኛው ወንዱ ሴቷን ሲከተል ከደረቱ የሚያወጣው ማጉረምረም ነው፤ ይህን ሲያሰሙን እናቴ «ኧረ አያ፣ ልጆች አሉ» ትላቸው ነበር። እኛ የምንስቀው በድኩላው ሳይሆን በእሷ እፍረት ነበር።

ሦስተኛውን ግን አያሰሙንም። የግልገል ጩኸት ነው። የድሮ አዳኞች ቀጭን ሣር በሁለት አውራ ጣቶቻቸው መሃል ይዘው ሲነፉት ልክ እንደ ግልገል ይጮኻል፤ ያን የሰማች ሴት ድኩላ የራሷ ልጅ ባይሆንም፣ ጭራሽ ልጅ ባይኖራትም፣ የሰው ሽታ እየሸተታት ትመጣለች። ለዚህም አዳኞች ሕግ ነበራቸው፦ በጥሪ የመጣ እንግዳ ነው፣ እንግዳ አይገደልም። የሚጠሯት ለማየት፣ ለልጆቻቸውም ለማሳየት ብቻ ነበር።

«እርስዎ ግን ገድለዋል?» አላቸው አንድ ምሽት ወንድሜ ሁሴን። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ የሚፈራው ነገርም አልነበረም።

አያ ይመር አገዳ ጨመሩ። በንጉሡ መጨረሻ ላይ በነበረው ክፉ ቀን፣ ቤታቸው ውስጥ የሚበላ ጠፍቶ ሣሩን ነፉት። መጣች። ከፊታቸው ቆማ ግልገሉን በዓይኗ ትፈልግ ነበር። «ያን ሥጋ ልጆቼ በሉት» አሉ።

በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶችን ማፈስ ተጀመረ። ከሲሪንቃም ከሐራም ገበያ መሃል የተያዙ ልጆች ወሬ ይመጣ ነበር። የእኛ ቀበሌ ወጣቶች፣ ሁሴንም ጭምር፣ ቀን ቀን ከገደሉ ሥር ባለው ጫካ ይደበቃሉ፤ ሴቶቹ በእበት ቅርጫት ሥር ምግብ ደብቀው ያደርሱላቸዋል። ታጣቂዎች ሲመጡ ከኮረብታው ላይ ፍየል የምትጠብቅ ልጅ እንደ ድኩላ ሁለት ጊዜ ትጮኻለች። እኔም ሞክሬ ነበር። ሁሴን ሰምቶ «ፋጤ፣ ባንቺ ጩኸት ዶሮ እንኳ አይደነግጥም» ብሎ አሳቀብኝ። ፈሪ ስለነበርኩ ድምፄ ከጉሮሮዬ አይወጣም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ታጣቂዎች መጡ። መሪያቸው እንድሪስ ነበር፣ የቀበሌያችን ልጅ። ከኮረብታው ላይ የድኩላ ጩኸት ሁለት ጊዜ ተሰማ። ታጣቂዎቹ ወደ ጫካው ሊሮጡ ሲሉ እንድሪስ ከለከላቸው።

«ሰምተዋል። አሁን በሠራዊት ብትፈልጋቸው አታገኛቸውም» አለ። ከዚያ ደጃፋችን ላይ ቆሜ አየኝ። መጣና ክንዴን ያዘኝ።

እናቴ ተከተለችን፤ አንዱ ታጣቂ በጠመንጃው አግድም ገታት። «እንድሪስ! በአላህ! ልጅ እኮ ናት!» ትላለች። አያ ይመር በትራቸውን ይዘው እያነከሱ መጡ። እንድሪስ ጫካው አፋፍ ላይ አቆመኝና ክንዴን ወደ ኋላ ጠመዘዘው።

ምን ሊያደርግ እንደሆነ አወቅሁ። ዛሬም የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፤ አለማወቄ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከንፈሬን ነከስኩ። ሁሴን ከታች እንዳለ፣ ድምፄ ከደረሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ።

«ጩኺ እንጂ ፋጤ፣ ማን ይቆጣሻል?» አለኝ እንድሪስ፣ ጨዋታ እንደሚያጫውተኝ ሁሉ።

አያ ይመር ደረሱ። «አንተ! ይሄ ለአውሬ እንኳ ሕግ አለው!» አሉት።

«ይመለሱ አያ። እኔም እሳትዎ ዳር ነው ያደግሁት፤ ሣሩንም ሕጉንም አንቱ ነዎት የነገሩኝ። ዛሬ አምስት ወጣት አምጣ ተብዬ አንድ ጎድሎኛል። ካላመጣሁ የሚወስዱት የእናቴን ልጅ፣ ወንድሜን ነው።»

አያ ይመር በትራቸውን እንዳነሱት ቀሩ። ሊመቱበት ይሁን ሊደገፉበት፣ እኔ እንጃ። ምንም ሳያደርጉበት መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡት።

ክንዴ ይበልጥ ተጠመዘዘ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ በልቤ ቆጠርኩ፤ እስከ አሥር ብቆጥር የሚተወኝ መስሎኝ ነበር። አሥር አልደረስኩም። ያ ከጉሮሮዬ አይወጣም የተባለው ድምፅ ወጣ፤ ገደሉም ተቀብሎ መለሰው።

«አትምጣ» ብዬ ልጨምር ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን ከጩኸት በቀር ቃል አልሠራ አለኝ። ከዚያ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ሁሴን ክንዱን እሾህ ቧጭሮት፣ ፀጉሩ ላይ ደረቅ ቅጠል ተጣብቆ፣ እጁን አንስቶ ወጣ።

«ልቀቃት። ይኸው መጣሁ።»

እንድሪስ ወዲያው ለቀቀኝ። ክንዴን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «አልተሰበረም» አለኝ። ፊቴን አላየም።

ሁሴንን እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። ሲያልፍ አጠገቤ ቆመና «አይዞሽ፣ ራሴ ነኝ የወጣሁት» አለኝ። እናቴ ነጠላዋን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፤ ታጣቂው አልከለከላትም። ወደ ወልድያ የሚሄደው የጭነት መኪና መንገዱ ዳር ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁሴን የሰማነው አንድ ነገር የለም፤ ደብዳቤም፣ መርዶም።

አያ ይመር ለብዙ ምሽት አልመጡም። ሲመጡም ተቀምጠው እሳቱን ያያሉ። አንድ ጊዜ እናቴ «አያ፣ ያጫውቱን እንጂ» አለቻቸው። «ምን ላጫውት ልጄ? ያወራሁት ሁሉ የማላውቀው ጆሮ ውስጥ ገብቶ አደገ» አሏት። በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ።

የለቅሷቸው ቀን ሴቶቹ እያለቀሱ እኔ ድምፅ አላወጣሁም። እንባዬ ይወርዳል፣ አፌ ግን ዝም። አንዷ ጎረቤታችን ለሌላዋ «ይቺ ልጅ አንጀት የላትም፣ ያቀፏትን ሰው እንዲህ ትሸኝ?» ስትል ሰማኋት።

አሁን ሁሴን ያኔ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ባይወጣ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ እመኛለሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ባይወጣ ኖሮ እኔ ዛሬ ምን ዓይነት ሰው እሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ጮኼ ማንም ያልመጣልኝ ልጅ። ሁለቱን ሐሳቦች አንድ ላይ መያዝ ያቅተኛል፤ አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል። ስጮኽ የሚመጣልኝ ሰው እንዳለ ያወቅሁት በዚያ ረፋድ ነው። የሄደብኝም በዚያው ረፋድ ነው።