የወርቅ ቅብ እግር ያለው ኩባያ

ዲኬተር ከተማ ውስጥ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው አሜሪካዊት አሮጊት ቤት እየተመላለስኩ እንከባከባቸው ነበር። አንድ ጠዋት ቁርሳቸውን አብልቼ ስነሳ፣ ከመስታወቱ ቁም ሳጥን አንድ ኩባያ እንዳወጣላቸው አዘዙኝ። ነጭና ሰማያዊ፣ ስስ የቻይና ሸክላ ነው። ጥንት አንድ የአውሮፓ መስፍን ገዝቶት፣ በወርቅ የተለበጠ የብር እግርና እጀታ አሠራለት አሉኝ። በዚያ ዘመን ከቻይና የመጣ ሸክላ እንደ ዕንቁ ይታይ ነበር።

«ውሰጂው፤ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ከምንረዳቸው ሰዎች ስጦታ መቀበል ክልክል ነው። ደግሞስ ማሪዬታ ከተማ የሚኖር ወንድ ልጅ እያላቸው ለምን ለእኔ? ሊፈትኑኝ ይሆናል ብዬ ካሜራ ፍለጋ ጣሪያውን ቃኘሁ። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ቦታው መለስኩት።

ከሥራ ስወጣ ለታላቅ እህቴ ደወልኩ።

«እንዳትነኪው» አለችኝ። «ዛሬ ይሰጡሻል፣ ነገ ይረሱትና ሰረቀችኝ ይላሉ። ሲቀጥሩ የሚያጣሩት ባክግራውንድሽ አንዴ ከተበላሸ ማን ይቀጥርሻል?»

ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬን መኪና ውስጥ ትቼ መግባት ጀመርኩ። ሴትየዋ ደግሞ በየቀኑ «አሰብሽበት?» ይሉኛል። ፈገግ ሲሉ ይብሱን እጠረጥራቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዶ ኩባያውን ገለበጠና፣ ከኪሱ ትንሽ መፍቻ አውጥቶ ወደ እግሩ አስጠጋ። እያየሁት መሆኑን ሲያውቅ መፍቻውን መልሶ ከተተ።

«እናቴ ስለዚህ ነገር አውርታሻለች?»

መደበቁ የባሰ መዘዝ ያመጣብኛል ብዬ ፈራሁ። «ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር፤ አልወሰድኩም» አልኩት።

«ጠይቀሻት ነው?»

እናቱ ከመኝታ ቤት ሰምተው ኖሯል፤ መራመጃቸውን እየገፉ መጡ።

«የለመንኳትስ እኔ ነኝ» አሉ። «በስልክ ስታወራ ሰምቼሃለሁ። ገዢው ሸክላውን ብቻ ስለሚፈልግ ጌጡን ልትፈታው ነው። አባትህ ሲያጨኝ የሰጠኝ ግን እንዲሁ እንዳለ ነው።»

ፊቱ ቀላ፤ ግን አልካደም። «ለብቻው ሲሆን ነው የሚፈለገው» አለ ቀስ ብሎ። ኩባያውን አስቀምጦ ወጣ።

እኔ ስጠረጥራቸው የሰነበትኩት ሴትዮ ኩባያውን ከገዛ ልጃቸው እጅ ሊያድኑ ፈልገው ኖሯል። አፈርኩም፣ አዘንኩላቸውም። ሶፋው ላይ ካስቀመጥኳቸው በኋላ፣ «ልወስደው አልችልም» አልኳቸው። «እኔ እዚህ እያለሁ ግን ማንም አይፈታውም።»

ኩባያው ወደ አልጋቸው ራስጌ ተዛወረ። ልጃቸው አሁን ሲመጣ አክብሮ ሰላም ይለኛል። እኔም በትሕትና እመልሳለሁ፤ ግን እስኪሄድ ድረስ ከእናቱ ክፍል አልወጣም።