ጽድ ጽድ የሚል ዘይት

ያገለገለ ማሽን የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ቀለም ቀቢ ነው። ይህን የተማርኩት ደብረ ብርሃን ወርጄ አንድ ትንሽ ቶርኖ ከገዛሁና መሐል ሜዳ ድረስ ካስጫንኩ በኋላ ነው።

ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ በስለት የሚቀርጽ ማሽን ነው። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እንጀራዬ ከሱ ጋር አልተያያዘም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በገዛ እጄ ብረት መቅረጽ እመኝ ነበር። ከቤቴ ጀርባ ያለችውን የገብስ ማስቀመጫ ክፍል ባዶ አድርጌ፣ ጠረጴዛ አስመትቼ፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳም አስሬበት፣ የቀረኝ ቶርኖው ብቻ ነበር።

ዘመዶቼ ሲሰሙ «ይህን ሁሉ ተምሮ ባለእጅ ሊሆን!» አሉ። ናቅኋቸው። ማረሻቸውን ማን እንደሚሠራላቸው የረሱ ደንቆሮዎች ናቸው ብዬ፣ ራሴን ከነሱ ለይቼ፣ ኮራሁ።

ማረሻውን የሚሠሩት ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ቶርኖ ላይ ሠርተዋል። ባለቤቴ «እሳቸውን ይዘሃቸው ሂድ፤ ማሽኑን አይተው ይንገሩህ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «አባቴ በሕይወቱ ደጁን ያላስረገጠውን ሰው ከጎኔ አስቀምጬ ልሳፈር? ሰው ምን ይለኛል?» አልኳት። እሷ ግን ሳትነግረኝ ነግራቸው ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት በርኖሳቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ውርጭ ያደረበት፣ ጥርት ያለ ጠዋት ነበር። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ከማንም ጋር ሳላወራ እያወራሁ፣ በፊታቸው አልፌ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

ነጋዴው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተቀበለኝ። መምህር መሆኔን ሲሰማ ስንጥሩን ጣለ። «ጋሼ፣ ለተማረ ሰው ማሽን አይመረጥለትም፤ አይቶ ያውቀዋል!» አለኝ። ማሽኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቁጥሮቹ ሳይቀሩ በቀለም ተደፍነዋል። ከአንድ ፈረንጅ በቀር ማንም አልነካውም አለ። ይህ ፈረንጅ በየሱቁ አለ፤ ስንት ማሽን እንደነካ እግዜር ይወቀው። ሲያስነሳው ድምፁ ለስላሳ ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። ለእኔ መጫኛም አላስፈለገኝ፤ «ለተማረ ሰው» የምትለዋ ቃል በቃችኝ። ስለ ሰበቃ ሰሌዳ ሙሉ የምጽፍ ሰው የማርሽ ቤቱን ክዳን ክፈትልኝ አላልኩም።

አምስት ቀን ሠራልኝ። አንድ የበር እጀታ ጀምሬ እኩሌታው ላይ ስደርስ ማሽኑ ጥርሱን ማፋጨት ጀመረ፤ ከዚያም ጩኸቱ ሰፈሩን ሞላው። ባጠፋው ባበራው ያው ነው። ቀና ስል ሽማግሌው በአጥሩ በኩል ቆመው ያዳምጣሉ።

«ይግቡ፣ ይዩልኝ» አልኳቸው። በዕድሜዬ እሳቸውን «ይግቡ» ስል የመጀመሪያዬ ነው። መጡ፤ ግን ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚሁ ይበቃኛል። ክዳኑን ይክፈቱና ዘይቱን በጣትዎ ነክተው ያምጡልኝ።»

ጣቴን ዘርግቼ ወሰድኩላቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ጽድ ጽድ ይላል፣ መምህር። ሰጋቱራ ሞልተውበታል። ጥርሱ ያለቀ ማርሽ ሰጋቱራ ሲያጎርሱት ለጊዜው ዝም ይላል።»

ዘይቱን በሁለት ጣቴ አሸሁት። የጽድ እንጨት ብናኝ ነው። አምስት ቀን ሙሉ አጠገቡ ስውል አልሸተተኝም።

«ይጠገናል?» አልኳቸው።

«ጥርስ የሌለው ምኑ ይጠገናል?» አሉ። ጠረጴዛውን፣ ሞርሳውን፣ እኩሌታው የተቀረጸውን እጀታ ከደፉ ላይ ሆነው ቀስ ብለው አዩ። በተለይ እጀታውን ረጅም ጊዜ አዩት። «እጅዎ ግን ጥሩ ነው። ሲገዙ የሚያውቅ ሰው አልያዙም ነበር እንዴ?»

አሁን በልቤ ነጋዴውን ቀጣፊ ያልኩት እኔ፣ ዓይናቸውን እያየሁ «የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም» አልኳቸው።

በርኖሳቸውን ሰበሰቡ።

«ልክ ነው» አሉ። «ያን ዕለት ጠዋት መናኸሪያው ጉም ነበር። ሰው ከሰው አይታይም።»