የእትዬ ጫልቱ እግርና የሊሾው ወለል

ማለዳ

እሑድ የቀበሌውን ስብሰባ «አሞኛል» ብዬ ቀርቼ ከጉለሌ ተነሣሁ። ሀና ማርያም የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በቀለ የቤቱን የአፈር ወለል ሊሾ ሊያደርግ ደቦ ጠርቷል። ሲሚንቶ በወረፋ ነውና፣ ተራው የደረሰው ዓመት ጠብቆ ነው።

አውቶቡሱ ጎፋ አደረሰኝ። እዚያ በአሥር ሳንቲም ሸንኮራ ገዝቼ እያኘክሁ፣ የጤፍ ክምር በቆመባቸው ማሳዎች መካከል በእግሬ አዘገምሁ። አቧራው ጫማዬን አለበሰው።

ረፋድ

የበቀለ ሚስት እትዬ ጫልቱ የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ናት። የግድግዳ ጭቃ ረግጦ በማቡካት የሚስተካከላት የለም፤ እሷም ይህን አትደብቅም። በቀለ በአህያ ተጨማሪ ውሃ ሊያመጣ ምንጭ ወርዶ ሳለ፣ ወንዶቹ አሸዋና ሲሚንቶውን በነበረው ውሃ አርሰው በአካፋ ሲያገላብጡ አይታ ሳቀች።

«ይሄ ጨዋታ ነው እንጂ ማቡካት ነው? በእግር ካልተረገጠ መቼ ይዋሃዳል» አለችና ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችበት። አረጋገጧ ያምር ነበር። ሁላችንም አጨበጨብንላት።

በቀለ ሲመለስ ቁርጭምጭሚቷ መቅላቱን አየ።

«ጫልቱ፣ ውጪ።»

«ምን ሆንሁ? ትንሽ ያሳክከኛል እንጂ አያመኝም።»

«ሲሚንቶ ሲበላ መች ያሳምማል? ሕንፃ ሥራ ላይ ሳለሁ የጓደኛዬን ጉልበት ሳይሰማው ነው የላጠው።»

ጎትቶ አወጣት። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ለሊሾው ያመጣውን ውሃ እግሯ ላይ ያፈስስ ጀመር። በጣቶቿ መካከል ቆዳዋ ነጭ ሆኖ ተነስቷል። ውሃው ሲያልቅ ጎረቤቶች በጀሪካን አመጡ፤ እሱንም እዚያው አፈሰሰው። ፀሐይዋ በርትታ ድብልቁ መጠንከር ያዘ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሲሚንቶው ሊደርቅብን እኮ ነው» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ዓመት ሙሉ የጠበቅነው።»

«ይድረቅ። አንቺ ካልረገጥሽው ወለሉን ለማን ነው የምሠራው?»

ቀና ብላ አየችውና እግሯን ወደ ውሃው ዘረጋችለት። ወንድሜን የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ከሰዓት

በጋሪ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ቁስሏን በፋሻ የጠቀለለላት ድሬሰር፣ «እስከ ማታ ቢቆይ ኖሮ ሥጋውን ዘልቆ ይገባ ነበር። ቶሎ በብዙ ውሃ መታጠቧ አተረፋት፤ ትድናለች» አለን። በቀለ ያን ጊዜ ነው የተቀመጠው።

አመሻሽ

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይህን ነው፦ እርጥብ ሲሚንቶ ሳያሳምም ያቃጥላል፤ በባዶ እግር አይገባበትም፤ ከነካም እስኪያም ሳይጠብቁ መታጠብ ነው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ወለሉ አማረ?»

«ድንጋይ ሆኖ ግቢው ውስጥ ቀረ።»

«ያን ሁሉ ሲሚንቶ አባከናችሁት?» አለ አዝኖ።

«አዎ፣ ሁሉንም» አልሁት፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ።